100 ሜጋዋት ለስንት ደቂቃ? የሆርንስዴል ባትሪ የጉዳይ ጥናት

ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 (በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የመስቀል ማግስት) ከቀኑ 9 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ላይ የሳውዝ አውስትራሊያ ግዛት ከዳር እስከ ዳር ኤሌክትሪክ ተቋረጠባት። 850 ሺህ ያህል ደንበኞች በአንድ ጊዜ ያለ ኃይል ቀሩ። ግዛቷ በዚያን ጊዜ ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ያህሉን ከንፋስ ታገኝ ስለነበር፣ ጉዳዩ ገና ምርመራው ሳይጀመር የታዳሽ ኃይል ደጋፊዎችና ነቃፊዎች መሟገቻ ሆነ። ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ሥራ የጀመረው፣ በወቅቱም በዓለም ትልቁ የሊቲየም አዮን ባትሪ የነበረው የሆርንስዴል ማከማቻ የዚህ ሙግት ውጤት ነው።

የባትሪው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ወገን የታዳሽ ኃይል ችግር መፈታቱን ያበሠረ ድል ያደርገዋል፣ ሌላው ደግሞ ለዕይታ የተሠራ ውድ ጌጥ ይለዋል። ከዚያ ወዲህ የተከማቸው መረጃ ሁለቱንም አይደግፍም። ባትሪው ለተተከለበት ዓላማ በሚገባ ያገለገለ መሣሪያ ነው፤ የተድበሰበሰው ዓላማው ምን እንደነበር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት መቋረጦች፣ ሁለት ችግሮች

በዚያ የሴፕቴምበር ቀን ከሰዓት በኋላ የተነሣው ማዕበል ቶርኔዶዎችን አስከትሎ በግዛቷ ሰሜናዊ ክፍል የነበሩትን የከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፊያ ታወሮች ገነደሰ። ሦስት ባለ 275 ኪሎ ቮልት መስመሮች ተጎዱ፤ በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥም ቮልቴጁ ስድስት ጊዜ ወረደ። ከመቋረጡ በፊት የግዛቷ ፍላጎት 1,826 ሜጋዋት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 883 ሜጋዋቱን የንፋስ ማመንጫዎች፣ 330 ሜጋዋቱን የጋዝ ማመንጫዎች ይሰጡ ነበር፤ የቀረው 613 ሜጋዋት ከጎረቤት ቪክቶሪያ በመስመር ይገባ ነበር። ቮልቴጁ ደጋግሞ ሲወርድ ዘጠኝ የንፋስ ማመንጫዎች ምርታቸውን ቀነሱ፤ በአጠቃላይ 456 ሜጋዋት ከሰባት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጠፋ። ጉድለቱን ለመሙላት ከቪክቶሪያ በሄይውድ መስመር በኩል የሚመጣው ኃይል በድንገት ስላሻቀበ መስመሩ በራሱ መከላከያ ተቆረጠ፣ ግዛቷም ከቀሪው የአገሪቱ መረብ ተለይታ ብቻዋን ቀረች። በዚያ ቅጽበት ፍሪኩዌንሲው (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ውስጥ የሚመላለስበት ቁጥር) የወደቀበት ፍጥነት የተወሰኑ ደንበኞችን አቋርጦ ቀሪውን ለማትረፍ የተዘጋጀው አውቶማቲክ ሥርዓት እንኳ ሊደርስበት የማይችል ነበር።

የአውስትራሊያ የኃይል ገበያ አስተዳዳሪ የሆነው ኤሞ በማርች 2017 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት የንፋስ ማመንጫዎቹ ምርት የቀነሱት ተርባይኖቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስንት የቮልቴጅ መውረድ መቋቋም እንዳለባቸው በሚወስን የመከላከያ ቅንብር ምክንያት መሆኑን ገልጿል። ቅንብሩን መረቡን የሚመራው ኤሞ ራሱ አያውቀውም ነበር። ነገሩ ከታወቀ በኋላ ቅንብሩ ያለብዙ ወጪ ተስተካክሏል። መረቡን ከዜሮ ለማስነሣት ውል የገቡት ሁለቱም አቅራቢዎች በዕለቱ ግዴታቸውን መወጣት አልቻሉም፤ ይህ ከታዳሽ ኃይል ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ድክመት በክርክሩ ውስጥ ብዙም ቦታ አለማግኘቱ ይገርማል።

ሁለተኛው መቋረጥ መጠኑ አነስተኛ ነበር፤ ለኃይል ማከማቻ ጥያቄ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ቅርብ ነው። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2017 በከባድ ሙቀት ማምሻ ላይ የአየር ማቀዝቀዣዎች ፍላጎቱን ሲያንሩት፣ ንፋሱ በዚያው ሰዓት ረገበ፣ ከጣሪያ ላይ የሚገኘው የፀሐይ ኃይልም ከምሽቱ ጋር እየከሰመ ሄደ። ኤሞ 100 ሜጋዋት እንዲቋረጥ አዘዘ፤ በአከፋፋዩ ኩባንያ የሶፍትዌር ስህተት ምክንያት የተቋረጠው ግን ወደ 300 ሜጋዋት ገደማ ሲሆን 90 ሺህ ያህል ደንበኞች ተጎዱ።

እንግዲህ በሴፕቴምበር ንፋስ ሞልቶ ነበር፤ የጠፋው በሰከንዶች ውስጥ ሚዛን የሚያስጠብቅ ኃይል ነበር። በፌብሩዋሪ ግን የጎደለው ኃይሉ ራሱ ነው፤ ይህንን ጉድለት የሚሞላው ለሰዓታት የሚቆይ ክምችት ወይም ተጠባባቂ ማመንጫ ብቻ ነው። ግዛቷ የመጨረሻውን የድንጋይ ከሰል ማመንጫዋን በፖርት ኦጋስታ የዘጋችው በሜይ 2016 ስለነበር፣ በሕዝቡ ዘንድ ሁለቱ ክስተቶች ተደበላልቀው «ንፋስ አያስተማምንም» የሚል አንድ ድምዳሜ ወለዱ፤ ለዚያም «ትልቅ ባትሪ» የሚል አንድ መድኃኒት ተፈለገ።

የመቶ ቀኑ ውል

በማርች 2017 የቴስላ ባልደረባ ሊንደን ራይቭ ኩባንያቸው ከ100 እስከ 300 ሜጋዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ100 ቀናት ውስጥ መትከል እንደሚችል ተናገሩ። የአትላሲያን የሶፍትዌር ኩባንያ መሥራች ከሆኑት አንዱ ማይክ ካነን ብሩክስ ይህ የምር ስለመሆኑ በትዊተር ጠየቁ፤ ኢሎን መስክም ውል ከተፈረመ በ100 ቀናት ውስጥ ተተክሎ ሥራ ካልጀመረ በነፃ ይሆናል ሲሉ መለሱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የግዛቷ መሪ ጄይ ዌዘሪል የ550 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የኃይል ዕቅድ ይፋ አደረጉ፤ ባትሪው የዕቅዱ አንድ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ መንግሥት የሚያዝበት ተጠባባቂ የጋዝ ማመንጫም ተካቶበት ነበር። ጁላይ 7 ቀን የፈረንሳዩ ኒዎን በባለቤትነት፣ ቴስላ በአቅራቢነት ተመረጡ።

መቶው ቀን መቆጠር የጀመረው ከመረቡ ጋር የመገናኛው ስምምነት በሴፕቴምበር መጨረሻ ከተፈረመ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከባትሪው ግማሽ ያህሉ ተተክሎ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ዲሴምበር 1 ቀን 2017 ሥራ መጀመሩ ለኃይል መሠረተ ልማት እንግዳ የሆነ ፍጥነት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባትሪው በፋብሪካ ተገጣጥሞ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ቦታውም ከግዛቷ ዋና ከተማ ከአዴላይድ በስተሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጄምስታውን አቅራቢያ፣ 99 ተርባይኖች ካሉት የሆርንስዴል ንፋስ ማመንጫ ጎን ስለሆነ ከማስተላለፊያ መስመር ጋር የሚያገናኘው መሠረተ ልማት ቀድሞ ነበር። የሚቆፈር ዋሻ፣ የሚገደብ ሸለቆ፣ የሚነሣ ነዋሪ አልነበረም።

የባትሪው መጠን 100 ሜጋዋት እና 129 ሜጋዋት ሰዓት ነው። ዜናው ሁለቱን ቁጥሮች ሲቀላቅላቸው ስለኖረ እዚህ ላይ ማብራራት ግድ ይላል። ሜጋዋት በአንድ ቅጽበት ምን ያህል ኃይል መልቀቅ እንደሚቻል ይነግረናል፤ ሜጋዋት ሰዓት ደግሞ ውስጡ ያለው ጠቅላላ ክምችት ነው። በቤታችን ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ብንመስለው አንደኛው የቧንቧው ስፋት፣ ሁለተኛው የሮቶው ይዘት ነው። ሆርንስዴል ቧንቧው ሰፊ፣ ሮቶው ትንሽ ነው፤ በሙሉ አቅሙ ቢለቅ በ1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ይጨርሳል። በሴፕቴምበር 2016 የነበረውን የ1,826 ሜጋዋት ፍላጎት ብቻውን ሊሸከም ይችላል ብለን ብናስብ እንኳ ክምችቱ የሚበቃው ለ4 ደቂቃ ከሩብ ያህል ነው።

በጁላይ 2017 የፌዴራል መንግሥቱ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ስኮት ሞሪሰን ባትሪውን በመንገድ ዳር ለቱሪስት ከሚተከሉት ግዙፍ የሙዝና የሽሪምፕ ምስሎች ጋር አመሳስለው የተሳለቁት ይህን ስሌት ይዘው ነው። ስሌቱ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን አይደለም፤ ግዛቷን በሙሉ እንዲሸከም ያቀደ ማንም አልነበረምና። ውሉ ይህንን በግልጽ ያሳያል። ከ100 ሜጋዋቱ 70ው በመንግሥት ትእዛዝ ለመረቡ ደኅንነት ብቻ የተጠበቀ ሲሆን፣ የሚፈለግበት ለ10 ደቂቃ ነበር፤ ከክምችቱ አብዛኛውን ይዞ በገበያ የሚነግደው የኒዎን ድርሻ ቀሪው 30 ሜጋዋት ነው። ግዛቷ ለዚህ አገልግሎት በ10 ዓመት እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። በሌላ አነጋገር መንግሥት የገዛው ደቂቃዎችን ነው፤ ደቂቃዎቹንም አግኝቷል።

ሰከንዶቹ

የአውስትራሊያ መረብ እንደ ኢትዮጵያው ሁሉ በ50 ሄርዝ ይሠራል። ምርትና ፍላጎት ሲዛነፉ ፍሪኩዌንሲው ከዚያ ይወርዳል ወይም ይወጣል፤ በተለመደው ሥርዓት የሚመልሱት ግዙፍ የሚሽከረከሩ ጀነሬተሮች ናቸው። እነርሱም በክብደታቸው ምክንያት መውደቁን ወዲያው ያዘገዩታል፤ ተጨማሪ እንፋሎት ወይም ውሃ ለቀው ለማንሣት ግን ሰከንዶች ይፈጅባቸዋል። ባትሪ የሚሽከረከር ክብደት የለውም፤ የባትሪውን ኤሌክትሪክ መረቡ ወደሚጠቀምበት ዓይነት የሚቀይረው ኢንቨርተሩ ግን መዛነፉን ለክቶ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ምላሽ ይሰጣል።

ባትሪው ሥራ በጀመረ በሁለት ሳምንት፣ ዲሴምበር 14 ቀን 2017 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ በቪክቶሪያ የሚገኘው የሎይ ያንግ የከሰል ማመንጫ አንድ ዩኒት በድንገት ከሥራ ወጥቶ 560 ሜጋዋት ጎደለ። 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የነበረው ሆርንስዴል፣ ለዚህ ተግባር ውል የነበረው በኩዊንስላንድ የሚገኘው የግላድስቶን የከሰል ማመንጫ ገና ከመነቃነቁ በፊት 7.3 ሜጋዋት ወደ መረቡ ለቀቀ። ዜናው «ባትሪው አገር አዳነ» የሚል መልክ ይዞ ተሰራጨ። 7.3 ሜጋዋት ከጠፋው 560 ውስጥ አንድ በመቶ ከትንሽ ነው፤ መረቡን ያዳነው ሌላው የተለመደ ምላሽ ነበር። የመሐንዲሶቹን ቀልብ የሳበው ፍጥነቱ ነው።

የባትሪው እውነተኛ ተጽዕኖ የታየው ብዙ ሰው በማያውቀው የፍሪኩዌንሲ ማስተካከያ አገልግሎት ገበያ ውስጥ ነው። ሳውዝ አውስትራሊያ ከቀሪው መረብ የመለየት አደጋ በገጠማት ቁጥር ኤሞ 35 ሜጋዋት ያህል የማስተካከያ አገልግሎት ከግዛቷ ውስጥ እንዲገኝ ያስገድድ ነበር፤ ይህን ማቅረብ የሚችሉት ጥቂት የጋዝ ማመንጫዎች ስለነበሩም በእነዚያ ሰዓታት ዋጋው ከልክ በላይ ይሰቀል ነበር። ባትሪው እንደ ተወዳዳሪ ሲገባ ይህ የጥቂቶች ገበያ ፈረሰ። ኦሬኮን የተባለው የምህንድስና አማካሪ ለኒዎን ባዘጋጀው ግምገማ መሠረት በ2018 ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2019 ደግሞ 116 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪ ለገበያው ቀንሷል። የአጥኚውና የባለቤቱ ዝምድና እንዳለ ሆኖ፣ የግንባታው ወጪ 90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበር ሲታሰብ ቁጥሩ ችላ የሚባል አይደለም።

መረቡ በተፈተነባቸው ቀናትም ባትሪው ቦታውን ይዞ ተገኝቷል። ኦገስት 25 ቀን 2018 መብረቅ ኩዊንስላንድን ከኒው ሳውዝ ዌልስ የሚያገናኘውን መስመር መትቶ፣ በተከታታይም ሳውዝ አውስትራሊያ ስትለይ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በቪክቶሪያ ደንበኞች ተቋርጠው ነበር፤ በሳውዝ አውስትራሊያ ግን አልተቋረጡም። ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ደግሞ በቪክቶሪያ ማዕበል ታወሮችን ጥሎ ሳውዝ አውስትራሊያ ከቀሪው መረብ ጋር ለ17 ቀናት ሳትገናኝ ቆየች። ሆርንስዴልና በዚያን ጊዜ የነበሩት ሌሎች ባትሪዎች የእነዚያን ቀናት ፍሪኩዌንሲ ከጋዝ ማመንጫዎች ጋር ሆነው ጠብቀዋል።

በዚህ መሐል ፖለቲካው ራሱን አስተካከለ። የዌዘሪል መንግሥት በማርች 2018 በምርጫ ቢሸነፍም፣ ተተኪው ባትሪውን ለማስፋት 15 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ የፌዴራል ተቋማትም 8 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍና እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር ብድር አከሉበት። ማስፋፊያው በኖቬምበር 2019 ይፋ ሲሆን የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር እነዚያው በሙዙ የተሳለቁት ሞሪሰን ነበሩ። በሴፕቴምበር 2020 መጠኑ ወደ 150 ሜጋዋት እና 193.5 ሜጋዋት ሰዓት አደገ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ቁጥሮች በእኩል መጠን ስላደጉ በሙሉ አቅሙ የሚቆይበት ጊዜ ያው 1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነው። በጁላይ 2022 ደግሞ ኢንቨርተሮቹ የሚሽከረከር ጀነሬተርን ባሕርይ አስመስለው ኢነርሺያ (የፍሪኩዌንሲውን መውደቅ የሚያዘገይ ግትርነት) እንዲሰጡ ኤሞ ፈቀደ፤ መረብ የሚያህል ባትሪ ይህንን ሲያደርግ ፈር ቀዳጅ ነበር።

አንድ እንከን ግን መታለፍ የለበትም። ኦክቶበር 9 ቀን 2019 በኩዊንስላንድ የኮጋን ክሪክ ከሰል ማመንጫ በድንገት ከሥራ ሲወጣ፣ ሆርንስዴል ለመስጠት ቃል የገባውን ያህል ምላሽ አልሰጠም። የአውስትራሊያ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቀረበ፤ ከጁላይ እስከ ኖቬምበር 2019 ባለው ጊዜ ውስጥ ማቅረብ የማይችለውን አገልግሎት ለገበያ አቅርቦ ክፍያ ሲቀበል እንደነበር ተረጋግጦ በ2022 የ900 ሺህ ዶላር ቅጣት ተጣለ። በአንድ ማከማቻ ላይ ለወራት የቆየ ጉድለት የታየው አደጋው ሲመጣ ብቻ መሆኑ፣ ለፈጣን ምላሽ የሚከፈል ገንዘብ ምላሹ በየጊዜው ካልተፈተሸ ለወረቀት የሚከፈል ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ሰዓታቱና ቀናቱ

ዌዘሪል ዕቅዳቸውን ባወጁበት በዚያው ሳምንት፣ ማርች 2017፣ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል ሌላ ማከማቻ አወጁ። ስኖዊ 2.0 የሚባለው ይህ ፕሮጀክት በኒው ሳውዝ ዌልስ ተራሮች ላይ ያሉ ሁለት ነባር ግድቦችን በዋሻ አገናኝቶ፣ ኃይል ሲተርፍ ውሃውን በፓምፕ ወደ ላይኛው ግድብ የሚመልስ፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ለቅቆ የሚያመነጭ ነው። መጠኑ 2,200 ሜጋዋት እና 350,000 ሜጋዋት ሰዓት ሲሆን፣ በሙሉ አቅሙ ለስድስት ቀን ተኩል ያህል ሊሠራ ይችላል። የመጀመሪያው ሆርንስዴል ከያዘው ክምችት 2,700 እጥፍ ይበልጣል።

የሳምንት እኩዮች የሆኑት ሁለቱ ፕሮጀክቶች የደረሱበት ርቀት ለየቅል ነው። ባትሪው በዘጠኝ ወር ውስጥ ሲያልቅ፣ የስኖዊ ወጪ ሲታወጅ ከተነገረው 2 ቢሊዮን ዶላር ተነሥቶ በኦገስት 2023 ወደ 12 ቢሊዮን ደረሰ፤ በ2025 ደግሞ ኩባንያው ያም እንደማይበቃ አስታወቀ። ከዋሻ መቆፈሪያ ማሽኖቹ አንዷ ሥራዋን ጀምራ 150 ሜትር ያህል እንደሄደች በልል አፈር ውስጥ ተቀርቅራ ከአንድ ዓመት በላይ ቆማለች፤ ከበላይዋም መሬት ተደርምሷል።

ታዲያ የትኛው ይረክሳል? መልሱ በምን እንደምናካፍለው ይለያያል፤ የኃይል ማከማቻ ክርክር ሁሉ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሆርንስዴል ለአንድ ሜጋዋት 0.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስወጣ፣ ስኖዊ በ12 ቢሊዮኑ ግምት እንኳ 5.5 ሚሊዮን ያህል ያስወጣል፤ ባትሪው ስድስት እጥፍ ይረክሳል። በክምችቱ ስናካፍል ግን ሆርንስዴል ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት ወደ 700 ሺህ ዶላር፣ ስኖዊ ወደ 34 ሺህ ዶላር ነው፤ ባትሪው ሃያ እጥፍ ይወደዳል። ሰከንድ ለሚፈልግ መረብ ስኖዊን መሥራት፣ ሳምንት ለሚፈልግ መረብ ባትሪ መደርደር ሁለቱም ገንዘብ ማባከን ነው። ከ2017 ወዲህ የባትሪ ዋጋ በብዙ ስለወረደ ልዩነቱ ጠብቧል፤ ቢሆንም ለቀናት የሚበቃ ክምችት ላይ ሲደረስ ስሌቱ አሁንም ባትሪውን አይመርጥም።

ሳውዝ አውስትራሊያ ራሷ የረጅም ሰዓት ክምችት ለማግኘት ያደረገቻቸው ሙከራዎች ብዙ አልሰመሩም። በኦገስት 2017 መንግሥት በፖርት ኦጋስታ አቅራቢያ አውሮራ ለተባለ የፀሐይ ሙቀት ማመንጫ ውል ሰጥቶ ነበር። ማመንጫው የፀሐይን ሙቀት በቀለጠ ጨው ውስጥ አቆይቶ ለስምንት ሰዓት ያህል 150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታሰበ ሲሆን፣ አልሚው ኩባንያ ገንዘብ ማሰባሰብ ስላልቻለ በኤፕሪል 2019 ተሰረዘ። በባሕር ውሃ ይሠራል የተባለለት የኩልታና የፓምፕ ማከማቻም በዚያው ዓመት ቀረ። ትርፍ የፀሐይና የንፋስ ኃይልን በሃይድሮጂን መልክ ለማቆየት ለዋያላ ታስቦ የነበረው የ593 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት ደግሞ በ2025 መንግሥት ገንዘቡን የከተማዋን የብረት ፋብሪካ ለማዳን ሲያዞረው ቆመ። የሦስቱ ቴክኖሎጂ ይለያያል፤ የጋራ ችግራቸው የገቢ ነው። የፍሪኩዌንሲ አገልግሎት በየአምስት ደቂቃው ዋጋ የሚወጣለት ገበያ አለው፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚመጣ ንፋስ አልባ ሳምንት ተዘጋጅቶ ለሚጠብቅ ማከማቻ ግን በቀሪዎቹ ቀናት ማን ይከፍላል ለሚለው ጥያቄ ገበያው የተዘጋጀ መልስ አልነበረውም።

በአንጻሩ አጭሩ ሥራ ለብዙዎች አይበቃም። ሆርንስዴል ያሳየውን ትርፍ አይተው ሌሎች ባትሪዎች ሲበዙ የማስተካከያ አገልግሎቱ ዋጋ ወረደ፤ መረቡ የሚፈልገው ጥቂት መቶ ሜጋዋት ስለሆነ ገበያው በቶሎ ይሞላልና። አዳዲሶቹ ባትሪዎች በርካሽ ሰዓት ሞልተው በውድ ሰዓት ወደመሸጥ ያዘነበሉትና ክምችታቸውም ወደ ሁለትና አራት ሰዓት ያደገው በዚህ ምክንያት ነው። ኒዎን ራሱ በብላይዝ የሠራው ባትሪ በሙሉ አቅሙ ለሁለት ሰዓት የሚበቃ ነው። ይህን ለውጥ ያመጣው የአየር ንብረት ፖሊሲ ሳይሆን የገቢ ስሌት መሆኑን ልብ ይሏል።

የደኅንነቱ ጉዳይም ከባትሪዎቹ ጋር አብሮ እያደገ ነው። ጁላይ 30 ቀን 2021 በቪክቶሪያ፣ በጂሎንግ አቅራቢያ፣ 300 ሜጋዋት የሚሰጠው ትልቅ ባትሪ በሙከራ ላይ ሳለ ከኮንቴይነሮቹ አንዱ ተቃጥሎ ወደ ጎረቤቱ ተዛመተ። መነሻው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ መፍሰስና ያስከተለው ሾርት ሰርኪት ሆኖ ተገኝቷል፤ በወቅቱ ኮንቴይነሩ ለጊዜው ከሥራ ውጪ ተደርጎ ስለነበር ከርቀት የሚከታተለውና የሚጠብቀው ሥርዓት አብሮ ተዘግቶ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የያዙት ስልት እሳቱን ከማጥፋት ይልቅ ወደ ሌሎቹ እንዳይዛመት መከላከል ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር የዋለው ከቀናት በኋላ ነው። ሰው አልተጎዳም፤ የክትትል ደንቦች ግን ከዚያ በኋላ ጠብቀዋል።

የተትረፈረፈው ቀትር

በ2016ቱ ክርክር ብዙም ያልተነሣ ችግር ደግሞ ከትርፉ በኩል መጣ። በሳውዝ አውስትራሊያ የመኖሪያ ቤቶች ጣሪያ በፀሐይ ፓነል እየተሸፈነ ከመሄዱ የተነሣ፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2023 ቀትር ላይ ከመረቡ የሚፈለገው ኃይል ከዜሮ በታች 26 ሜጋዋት ደረሰ፤ ማለትም ጣሪያዎቹ ብቻቸውን የግዛቷን ፍላጎት ሸፍነው ተረፉ። በእንዲህ ያለ ቀን የጅምላ ዋጋው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ወለልም በሜጋዋት ሰዓት 1,000 ዶላር ከዜሮ በታች ነው። ለባትሪ ባለቤት ይህ ግብዣ ይመስላል፤ ሆኖም ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚሞላ ማከማቻ ከጠዋት እስከ ማምሻ የሚዘንበውን ፀሐይ አይችለውም።

ግዛቷ ብቻዋን ስትቀር ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። በኖቬምበር 2022 በቴይለም ቤንድ አቅራቢያ አንድ ታወር ወድቆ ለአንድ ሳምንት ከመረቡ ስትለይ፣ ትርፉን የምትልክበት መስመር ስላልነበራት ኤሞ የቤቶችን ፓነል ጭምር እንዲዘጋ አስደርጓል። በዚያው ሳምንት የግዛቷን ሚዛን ከጠበቁት መካከል የማስተላለፊያ ኩባንያው ኤሌክትራኔት በ2021 የተከላቸው አራት ሲንክሮነስ ኮንደንሰሮች ይገኙበታል። እነዚህ ኃይል የማያመነጩ፣ በክብደታቸው ብቻ መረቡን የሚያረጋጉ የሚሽከረከሩ ማሽኖች ናቸው፤ ባትሪ ሊይዘው የሚገባው ቦታ ነው የሚሉ ቢኖሩም እስካሁን ጎን ለጎን እየሠሩ ነው።

እንደ ኢትዮጵያ ያለ አብዛኛው ኃይሉ ከውሃ የሆነ አገር ንፋስ ሲነፍስ የግድቡን በር ጠበብ በማድረግ ብቻ ኃይል ሊቆጥብ ይችላል፤ ለጠፍጣፋዋና ለደረቋ ሳውዝ አውስትራሊያ ግን ይህ አማራጭ የለም። ስለዚህ ቀሪው መንገድ መስመር ነው። ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ የሚዘረጋው 900 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የኢነርጂ ኮኔክት መስመር እስከ 800 ሜጋዋት እንዲያስተላልፍ ታቅዷል። የቀትሩን ትርፍ ወደ ሌላ ሰዓት ከማሻገር ይልቅ ወደ ሌላ ቦታ ያሻግረዋል፤ ለብዙ ሰዓታት በሚታሰብበት ጊዜም ከባትሪ ይልቅ ሊረክስ ይችላል።

ግዛቷ አሁን ከኤሌክትሪኳ 70 በመቶ ያህሉን ከንፋስና ከፀሐይ ታገኛለች፤ በ2027 ደግሞ መቶ በመቶ ለመድረስ ግብ ይዛለች። ግቡ በዓመት ተደምሮ የሚሰላ ነው፤ ቀትር ላይ ለጎረቤት የተሸጠው ማታ በጋዝ ከመነጨው ወይም ከውጭ ከገባው ጋር ይቻቻላል። በ2024 ሁለተኛ ሩብ ዓመት ንፋስ በአገሪቱ ደቡባዊ ክፍል በሙሉ ለሳምንታት ረግቦ ሲቆይ የጋዝ ማመንጫዎች ጉድለቱን ሞልተዋል፤ በዚያ ወቅት የግዛቷ ባትሪዎች ሁሉ ተደምረው ከምሽት አያልፉም ነበር። በመቶ ቀን ውል የጀመረችው ግዛት በአሁኑ ጊዜ የምትደራደረው እነዚያን የጋዝ ማመንጫዎች ለጥቂት ሳምንታት አገልግሎት ዓመቱን ሙሉ ለማቆየት ማን፣ በምን ውል፣ ስንት ይክፈል በሚለው ላይ ነው።